የጃርትና የእንጉዳይ እሾህ፦ በመልክ መመሳሰል፣ በተግባር መለያየት

ኤሪናሴየስ ዩሮፒየስ በሚል ሳይንሳዊ ስም የምትታወቀው የምዕራብ አውሮፓ ጃርት፣ በኢትዮጵያ ጃርት ሲባል በአብዛኛው ከሚታሰበው ረጅም እሾህ ካለው ትልቅ እንስሳ ጋር የቅርብ ዝምድና የላትም፤ ያኛው የአይጥ ወገን ሲሆን፣ እርሷ ግን ጥንዚዛ፣ አባጨጓሬና የመሬት ትል እየለቀመች የምትኖር፣ ክብደቷ ከአንድ ኪሎ ግራም ብዙም የማይዘል አጥቢ እንስሳ ናት። በዚያው ምድር በአረጁ ወይም በቆሰሉ የኦክና የቢች ዛፎች ግንድ ላይ የሚበቅለው ሄሪሲየም ኤሪናሴየስ የተባለ ለምግብ የሚሆን እንጉዳይ ደግሞ፣ ነጫጭ እሾህ መሰል ዘለላዎቹን ወደ ታች ስለሚያንጠለጥል የእርሷን ስም ይዟል።

በሁለቱ መካከል የሚደረግ ንጽጽር መልክ ላይ ብቻ ከቆመ ግን ፍሬ ነገሩን ይስታል። የጃርቷ እሾህ ኬራቲን ከተባለው፣ ጥፍርና ቀንድ ከሚሠሩበት ፕሮቲን የተገነባ የተለወጠ ጸጉር ሲሆን፣ አደጋ ሲመጣ ከቆዳዋ ሥር ያለው ክብ ጡንቻ ሲኮማተር ሰውነቷን ጠቅልሎ እሾሁን በየአቅጣጫው ያቆመዋል። የእንጉዳዩ እሾህ ለስላሳ ነው፤ የሚከላከለውም ነገር የለም። ሥራው ስፖር የሚባሉትን በዓይን የማይታዩ መራቢያ ሕዋሳት በገጹ ላይ ማፍራት ሲሆን፣ ቁልቁል መንጠልጠሉም ስፖሮቹ ሳይደናቀፉ ወድቀው ነፋስ እንዲወስዳቸው ይረዳል። ይበልጥ የሚያስደንቀው ዝምድና በሕዋስ ደረጃ ያለው ነው፦ የእንጉዳዩ የሕዋስ ግድግዳ በውስጡ የያዘው ካይቲን፣ ጃርቷ የምትቆረጥመው የጥንዚዛ ቅርፊትም የተሠራበት ንጥረ ነገር ነው፤ በዘር ሐረግም ቢሆን ፈንገሶች ከዕፅዋት ይልቅ ለእንስሳት ይቀርባሉ።

እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው የብሪታንያ የዱር ሕይወትና የገጠር ሕግ ለሁለቱም ጥበቃ ያደርጋል፤ ሆኖም እንጉዳዩን ከዱር መልቀምን ሲከለክል፣ ስለ ጃርቷ የሚደነግገው በዋናነት የተወሰኑ የመግደያና የማጥመጃ ዘዴዎችን ነው። ይህ ሚዛን መታረም አለበት። እንጉዳዩ በቻይናና በሌሎች አገሮች በእንጨት ብናኝ ላይ በብዛት ስለሚመረት፣ ለምግብ የሚፈልገው ሰው ዱሩን ሳይነካ ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2024 ለአደጋ ወደ መጋለጥ እንደተቃረበች በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የተመዘገበችውን ጃርት ግን የሚያጠፋት በዋነኛነት የአዳኝ ወጥመድ አይደለም፤ የቁጥቋጦ አጥር መመንጠር፣ የነፍሳት በመርዝ ማለቅና የመኪና መንገድ ናቸው፤ ሕጉም መድረስ ያለበት እነዚህ ዘንድ ነው።