የትውልድ ሐረግና የመመለስ መብት፦ ከመንዝ ርስት እስከ አዋጅ ቁጥር 270/1994

በትውልድ ሐረግ ላይ ተመሥርተው ወደ አባት አገር መመለስን የሚፈቅዱ ሕጎች በሚሰጡት መብትና በሕዝብ ብዛት ላይ በሚያስከትሉት ለውጥ ይለያያሉ።

እስራኤል በ1942 ዓ.ም. አውጥታ በ1962 ዓ.ም. ያሻሻለችው ሕግ ለአይሁዳውያን፣ ለልጆቻቸውና ለልጅ ልጆቻቸው የዜግነት በር ይከፍታል። በዚህም መሠረት ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14 ሺህ በላይ ቤተ እስራኤላውያን ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ተወስደዋል። በጎንደርና በአካባቢው ለዘመናት የኖረው ማኅበረሰብም አብዛኛው አገሩን ለቋል።

የኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥር 270/1994 በአንጻሩ ሐረጉን እስከ ቅድመ አያት ያደርሳል፤ ዜግነት ግን አይሰጥም። ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ ቢያንስ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ያለ ቪዛ እንዲገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድ እንዲሠራና እንደ አገር ውስጥ ባለሀብት መዋዕለ ንዋይ እንዲያፈስ ተፈቅዶለታል። የኢትዮጵያን ዜግነት ትቶ የኤርትራን የያዘ ሰው በትርጓሜው አልተካተተም። ባለ መታወቂያው የመምረጥና የመመረጥ መብት የለውም፤ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶችም አይቀጠርም። በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ወደ ዜግነቱ መመለስ የሚሻ የቀድሞ ኢትዮጵያዊ በአገር ውስጥ መኖሪያውን መመሥረትና የያዘውን የውጭ ዜግነት መተው ይኖርበታል። ስለሆነም አዋጁ ተመላሾችን ቢያበዛም የዜጎችን ቁጥር በራሱ አይለውጥም።

ትውልድ መቁጠር ለሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች አዲስ አይደለም። በመንዝ የማማ፣ የላሎና የጌራ ምድር ገበሬ በአባቱም በእናቱም ወገን እስከ መጀመሪያው አቅኚ ቆጥሮ የርስት ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። ይህ ሥርዓት በ1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ አክትሟል፤ በሕገ መንግሥቱም መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ፣ ትውልደ ኢትዮጵያዊ የማይንቀሳቀስ ንብረት እንዲይዝ መፈቀዱ የአያቱን ርስት አያስመልስለትም።

ለወረዳና ለቀበሌ ሠራተኞች አስቸጋሪው ጉዳይ ማስረጃ ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ በመሆኑ፣ በመንዝ፣ በጊሼም ሆነ በመርሃቤቴ የተወለዱ የቀደሙት ትውልዶች በዚህ መዝገብ ላይ የሉም። ዛሬ በቀበሌ በትክክል የሚመዘገብ ልደት ግን በሌላ አገር ለሚወለዱ የልጅ ልጆች የሐረጋቸው ማረጋገጫ ይሆናል።