ብጉር

ብጉር፦ የቆዳ ወዝ ዕጢ ሲደፈንና ሲቆጣ ፊት፣ ደረትና ጀርባ ላይ የሚወጣ እብጠት። ብጉንጅ ግን ሌላ ነው፤ የጸጉር ሥር በባክቴሪያ ሲመረቅዝ የሚመጣና መግል የሚቋጥር ነው።

ደሴ ሆጤ ሰፈር ተማሪ ሲለቀቅ ብጉር ያልጎበኘው ግንባር ማግኘት ያስቸግራል። አንዱ በቅቤ፣ ሌላው በፀሐይ ያሳብባል። ዋናው ቀስቃሽ ግን ከውስጥ ነው።

ጉርምስና ሲጀምር አንድሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች በወንድም በሴትም ሰውነት ይጨምራሉ። ከእነዚህ አንዱን፣ ቴስቶስትሮንን፣ የወዝ ዕጢው ውስጥ ያለ ኢንዛይም ይበልጥ ኃይለኛ ወደሆነው ዳይሃይድሮቴስቶስትሮን ይቀይረዋል። ዕጢው ይተልቃል፤ ወዙ ይበዛል። የሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ቀዳዳውን ሲደፍኑት ኩቲባክቴሪየም አክነስ የተባለው ባክቴሪያ ይራባል፤ ሰውነት ሲከላከል ቆዳው ያብጣል፣ ያማል።

ብጉሩ ጫፍ ላይ የሚታየው ጥቁር ነጥብ እድፍ አይደለም፤ አየር ያገኘው የቆዳ ቀለም ነው። በሳሙና መፈተግ የሚያተርፈው ቁስል ብቻ ነው።

ብዙ ሴቶች የወር አበባቸው ሊመጣ ሲል ብጉሩ ይብስባቸዋል። የወር አበባ ከተዛባና አገጭ ላይ ጸጉር ከበቀለ ግን የእንቁላል ማምረቻ ችግር ሊሆን ስለሚችል መመርመር ያሻል።

ቅቤውም ጨርሶ ነፃ አይወጣም፤ ከጸጉር ወደ ግንባር የሚወርድ ቅባት ቀዳዳ ይደፍናል። “ፊት ያጠራል” ተብለው የሚሸጡ ስቴሮይድ ያለባቸው ክሬሞች ደግሞ ራሳቸው ብጉር ያወጣሉ። ለደሴና አካባቢዋ ሰው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ቅርብ ነው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድም ሆነ አዳፓሊን የተባለው የብጉር መድኃኒት ቢታዘዝ፣ ለውጡ በግልጽ እስኪታይ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ይወስዳል።