የመኪና መጠለያ

የመኪና መጠለያ (የመኪና ዳስ፣ የመኪና ጥላ) በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ተሽከርካሪን ከፀሐይ፣ ከዝናብና ከበረዶ ለመከለል የሚሠራ፣ ጣሪያ ኖሮት ግድግዳና በር የሌለው ግንባታ ነው። «ጋራዥ» በአማርኛ ብዙ ጊዜ የመኪና መጠገኛ ማለት ስለሆነ ለዚህ አይስማማም። በአሜሪካ አሠራሩን ያስፋፋው አርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1937 በማዲሰን ከተማ የተሠራው የጃኮብስ ቤት ቀደምት ምሳሌ ነው።

በቢቸናና በሞጣ

ቢቸናና ሞጣ ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው የምሥራቅ ጎጃም መንገድ ላይ፣ ከባሕር ጠለል ከ2,400 ሜትር በላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትር ከፍታ 10 በመቶ ያህል ስለሚጨምር፣ የባጃጅ ሸራ፣ ጎማና ቀለም በደጋ ፀሐይ ቶሎ ያረጃሉ። ባጃጅ የቤተሰብ እንጀራ ለሆነበት ሰው ይህ ቀላል ወጪ አይደለም።

ለአንድ ባጃጅ 3 ሜትር በ2 ሜትር፣ ለቤት መኪና 5.5 ሜትር በ3 ሜትር የሆነ ጣሪያ ይበቃል። አይሱዙ ረጅምና ከፍ ያለ መጠለያ ስለሚፈልግ ለነፋስ ይጋለጣል። ቋሚው ብዙውን ጊዜ ባሕር ዛፍ፣ አቅም ሲኖር ቱቦላሬ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የቆርቆሮ ጌጅ ቁጥሩ ሲበልጥ ውፍረቱ ይቀንሳል፤ ባለ 35 ከባለ 28 ይሳሳል።

የመጠለያ ዋና ጠላት ክብደት ሳይሆን ነፋስ ነው። ስስ ቆርቆሮ በካሬ ሜትር ከ3 ኪሎ አይበልጥም። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ግን ግድግዳ በሌለበት ከሥር ገብቶ በካሬ ሜትር ከ10 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ወደ ላይ ሊገፋው ይችላል። ስለዚህ ሚስማር ብቻውን አይበቃም፤ ሞራሌው ከአግዳሚው፣ አግዳሚው ከቋሚው ጋር በሽቦ ወይም በፌሮ መታሰር አለበት። ድንጋይ ጣሪያ ላይ መጫን የተለመደ ቢሆንም፣ ቆርቆሮው ሲነሣ ድንጋዩ የሚወድቀው መኪናው ላይ ነው።

በቢቸና አካባቢ የሚበዛው ጥቁር መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ጥልቀት የሌለው ቋሚ በዚህ አፈር ላይ ቀስ በቀስ ያዘነብላል። የባሕር ዛፍን እግር ደግሞ ምስጥ ይበላዋል። የተቃጠለ ዘይት መቀባት ለጊዜው ያግዛል፤ ቋሚውን ከመሬት በላይ በወጣ የኮንክሪት መሠረት ላይ በብረት ማሰር ግን ይሻላል።

ሌባን በመፍራት ባጃጅን ሌሊት ክፍል ውስጥ የሚያሳድሩ አሉ። ክፍት መጠለያ ከሌባ አያድንም። ሆኖም በዝግ ክፍል ሞተር ሲነሣ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለውና ገዳይ ነው፤ በክፍት መጠለያ ግን ጭሱ ይበተናል። ከማድ ቤት መራቁ፣ ቤንዚንም በጀሪካን ከሥሩ አለማስቀመጡ የእሳት አደጋን ይቀንሳል።

የጣሪያው ውኃ የጎረቤት ጠብ ምንጭ ይሆናል። በ15 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 450 ሊትር ውኃ ይወርዳል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1225 ባለ ንብረት ጎረቤቱን የሚያውክ ወይም የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይከለክላል፤ በአጥር ተጠግቶ የሚሠራ መጠለያ ተዳፋቱ ወደ ራስ ግቢ ሆኖ አሸንዳ ሊኖረው ይገባል። በአሸንዳው የሚጠራቀመው ውኃ መኪና ለማጠብ ያገለግላል።