ከከሚሴ ጅዳ ስንት ሰዓት ነው?

እስቲ አንድ ጥያቄ፦ ለከሚሴ የሚቀርባት አዲስ አበባ ነው ወይስ ጅዳ? «ይሄም ጥያቄ ሆነ?» እንዳትሉን። እኛም ካርታ ዘርግተን ማስመሪያ እስክንይዝ ድረስ እንደናንተው ስቀን ነበር።

በኪሎ ሜትር ከሆነ መልሱ ቀላል ነው። ከሚሴ ከአዲስ አበባ በመኪና መንገድ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ከጅዳ ደግሞ በቀጥታ መስመር 1,200 ገደማ። በሰዓት ከሆነ ግን ነገሩ ይገለበጣል። አውቶቡሱ ከአዲስ አበባ ከሚሴ ለመድረስ ስድስት ሰባት ሰዓት ይፈጃል፤ ከቦሌ ጅዳ ያለውን 1,400 ኪሎ ሜትር ገደማ አውሮፕላን ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው የሚፈጅበት። ከሚሴ የአውሮፕላን ማረፊያ የላትም። ስለዚህ አንዲት የከሚሴ ልጅ ወደ ሰሜን ለመብረር መጀመሪያ ቀኑን ሙሉ ወደ ደቡብ ትጓዛለች። ከቦሌ ጅዳ ቀጥታ መስመር ቢሰመር ደግሞ በወሎ ሰማይ ላይ ያልፋል!

ድሮስ? ድሮ መንገዱ በምሥራቅ በኩል ነበር። ዛሬ በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ውስጥ ያለችው ባቲ፣ በሰኞ ገበያዋ የደጋውን ነጋዴና የአፋርን ግመል ታገናኝ ነበር። ከዚያ ወደ ባሕር፣ ከባሕር በጀልባ ወደ ዓረብ ምድር። ከከሚሴ ታጁራ ቀጥታው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግመል በቀን 25 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብለን ብናሰላ፣ ለሐጅ የተነሳ ሰው ባሕሩን ለማየት ብቻ ሁለት ሳምንት ያስፈልገው ነበር ማለት ነው።

ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው ወረራ ጣሊያን የጣርማ በርን ተራራ በስቶ የደሴን መንገድ ሠራ። ዓላማው ጦሩን ማመላለስ ነበር፤ የከሚሴ ሰው ግን ፊቱን ወደ አዲስ አበባ አዞረ። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. ደግሞ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን አደረገ። ሳምንታት ወደ ሰዓታት ወረዱ።

ለሁሉም ግን አልወረዱም። ቪዛ የሌለው የወሎ ወጣት ዛሬም የሚሄደው በዚያው በግመሉ አቅጣጫ ነው፦ በአፋር በረሃ፣ በጅቡቲ፣ ከኦቦክ በጀልባ ወደ የመን፣ ከዚያ በእግር ወደ ሳዑዲ። ባብ ኤል መንደብ በጠባቡ ቦታ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆን ነው፤ ስንት ሰው በላ! ከኅዳር 2006 ዓ.ም. ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ ሳምንታት በእግር የሄደው ሁሉ በሁለት ሰዓት ቦሌ ደረሰ። ሲሄድ ያላገኘውን አውሮፕላን ሲባረር አገኘው።

አስፋልቱም ቢሆን አያስተማምንም። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ሲደርስ መንገዱ ተዘጋ። 325 ኪሎ ሜትሩ አንዲት ሜትር አልጨመረም፤ እናትና ልጅ ግን መገናኘት አልቻሉም።

ታዲያ ከከሚሴ ጅዳ ስንት ሰዓት ነው? እኛ ማስመሪያውን አስቀምጠነዋል። ጠያቂው ፓስፖርት አለው? መንገዱስ ሰላም ነው? መጀመሪያ እሱን ንገሩን።