ከአዋጅ ነጋሪ እስከ ሰርቨር፤ መልእክት በመንገድ የሚዘገይበት ምክንያት

መልእክትን ከአንዱ ስፍራ ወደ ሌላው ማድረስ ከመንግሥት ሥራዎች ሁሉ የቆየ ሥራ ነው። እኛ የመንዝ ልጆች ይህን ከመጽሐፍ በፊት ከአባቶቻችን አፍ ሰምተነዋል። ጓሳ በቄሮ ሥርዓት ይጠበቅ በነበረበት ዘመን ሣሩ ሦስትና አራት፥ አንዳንድ ጊዜም አምስት ዓመት ተከልክሎ ከቆየ በኋላ የሚታጨድበት ቀን ሲቆረጥ፥ ወሬው ከአጥቢያ ወደ አጥቢያ በአፍ ይተላለፍ ነበር እንጂ ሌላ መሣሪያ አልነበረውም። ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ እንደ ኖረ የሚነገርለት ይህ ሥርዓት የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ እስኪወጣ ድረስ ጸንቶ ቆይቷል።

ከዚህም የበለጠ ምሳሌ አለን። በመስከረም 1888 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክ የክተት አዋጅ ባስነገሩ ጊዜ የሸዋ ሰው በጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ ላይ እንዲገኝ አዘዙ። በዚያች አጭር ጊዜ ቃሉ በነጋሪት ወጥቶ፥ በፈረሰኛና በእግረኛ ተጉዞ፥ ደጋውንና ቆላውን አዳርሶ፥ ገበሬው ስንቁን ሰንቆ መነሣት ነበረበት። ተነሣም። አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዲያስተውልልን እንፈልጋለን። እግረኛ ለእግረኛ ሲያቀብል ሁለቱ እኩያ ናቸው፤ አንዱ የሚናገረውን ሌላው ይሰማል፥ አንዱ የሚሮጠውን ያህል ሌላውም ይሮጣል። ስለዚህ መልእክቱ በመንገዱ ርዝመት ይዘገያል እንጂ በመቀባበያው ላይ አይታሰርም። ጣጣው የመጣው አዲስ መሣሪያና አሮጌ መሣሪያ በአንድ መስመር ላይ አብረው መሥራት ሲጀምሩ ነው። የዚህ ጽሑፍ ነገርም እርሱ ነው። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ያላልንበት ዓመት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ነው።)

ስልክ ወደ አገራችን የገባው በምኒልክ ዘመን መሆኑን ሁሉ ያውቃል። ልዑል ራስ መኰንን ከኢጣልያ ሲመለሱ መሣሪያውን ይዘው እንደ መጡና፥ ከካህናቱ አንዳንዶቹ የዲያብሎስ ሥራ ነው ብለው እንደ ተቃወሙ፥ ንጉሠ ነገሥቱ ግን እንዳልተቀበሏቸው ይነገራል። በ1894 ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚሆን የስልክና የቴሌግራም መስመር መዘርጋት ተጀመረ። በዚያ መስመር ላይ ከሁለቱ ጥበቦች ስልኩ የተወደደበት ምክንያት ለእኛ ግልጽ ይመስለናል። የሞርስ ምልክት የተዘጋጀው ለ26ቱ የላቲን ፊደላት ነው፤ የእኛ ፊደል ግን 33 ጊዜ 7 ነውና 231 መልክ አለው። ቴሌግራም የሚልክ ሰው አማርኛውን መጀመሪያ ወደ ሌላ ልብስ መለወጥ አለበት፤ ስልክ የያዘ ሰው ግን በአማርኛ ተናግሮ በአማርኛ ይሰማል። አዲስ መሣሪያ ከአሮጌው ፊደል ጋር አልስማማ ሲል ይህ የመጀመሪያው ጊዜ ሳይሆን አይቀርም።

ከጦርነቱ በኋላ የነበረው ታሪክ ደግሞ ለጉዳያችን ይበልጥ ይቀርባል። በ1952 በአዋጅ ቁጥር 131 የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ ለዚሁ ሥራም አስቀድሞ በ1951 ከዓለም ባንክ ብድር ተገኝቶ ነበር። አዲስ አበባ አውቶማቲክ ስልክ ስታገኝ ብዙዎቹ የጠቅላይ ግዛት ከተሞች በእጅ በሚዞረው ስልክ ቀጠሉ። እነዚህ ሁለት መሣሪያዎች አንድ ቋንቋ አይናገሩም። አውቶማቲኩ ቁጥር የሚቀበለው የኤሌክትሪኩን ሞገድ እየቆራረጠ ነው፤ 5 ሲዞር አምስት ጊዜ ይቆረጣል፥ ማሽኑም ይቆጥረዋል። በእጅ የሚዞረው ግን ቁጥር የሚባል ነገር አያውቅም፤ እጀታው ሲዞር በማዕከሉ ምልክት ይሰጣል፥ ከዚያ ስልከኛው «ማንን ላገናኝ?» ይላል። ስለዚህ ሁለቱን ለማስተባበር በመካከል የሚቀመጥ ሰው ግድ ሆነ። በአንድ ወገን ያለው ማሽን የቱንም ያህል ፈጣን ቢሆን፥ ደዋዩ የሚጠብቀው ስልከኛው ገመዱን እስኪሰካለት ነው። ስልከኞቹን የሚወቅሱ ሰዎች አጋጥመውናል፤ ለእኛ ግን ያለ እነርሱ ሁለቱ ዘመናት ጨርሶ ባልተነጋገሩም ነበር።

በ1997 ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ ሲገባ በዚያው በስልክ ሽቦ ላይ ተሳፍሮ ነበር። ሞደም የሚባለው መሣሪያ ሲገናኝ የሚያሰማው ጩኸት ለብዙ ወላጆቻችን ሳይታወሳቸው አይቀርም። ያ ጩኸት ሁለት ሞደሞች «አንተ ስንት ትችላለህ?» እየተባባሉ የሚያደርጉት ድርድር ነበር፤ ሲስማሙም የሚይዙት ፍጥነት የደካማውን ነው። ቢያንስ ግን ይስማሙ ነበር።

ቀጥሎ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወረዳኔትና ስኩልኔት ተዘረጉ። ወረዳኔት ወደ 600 የሚሆኑ ወረዳዎችን እንዲያገናኝ የታሰበ ነበር፤ ስኩልኔትም የፕላዝማ ትምህርቱን ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አመጣ። እንደ መንዝ ባለ ተራራማ አገር ሽቦ መዘርጋት ከባድ ስለ ሆነ መልእክቱ በሳተላይት ሄደ። እዚህ ላይ ጥቂት ሒሳብ ያስፈልጋል። ሳተላይቱ ከምድር 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል። መልእክቱ ወጥቶ ሲወርድ 72,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ብርሃን በሴኮንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሚሮጥ ይህ ሩብ ሴኮንድ ያህል ይፈጃል። መልሱ ሲመጣ ደግሞ ሌላ ሩብ፤ በጠቅላላ ግማሽ ሴኮንድ።

ግማሽ ሴኮንድ ምን ይጎዳል የሚል ይኖራል። አንድ የባና ነጋዴ ከመሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን በበቅሎ 64 ባና ይልካል እንበል። ይህ ነጋዴ ጠንቃቃ ስለ ሆነ «ደርሶኛል» የሚል ወረቀት ካልተመለሰለት ሁለተኛውን ጭነት አይልክም። መንገዱ አስፋልት ሆኖ በአሥር እጥፍ ቢሰፋ ይህን ሰው ምንም አይጠቅመውም። አሮጌ ኮምፒዩተሮች እንዲሁ ናቸው፤ መልስ ሳይመጣላቸው ከ64 ኪሎባይት በላይ አይልኩም። በግማሽ ሴኮንድ 64 ኪሎባይት ማለት በሴኮንድ 128 ኪሎባይት ነው፤ የሳተላይቱ መስመር የቱንም ያህል ቢሰፋ ከዚያ አያልፍም። ይህን ወሰን የሚያነሣው ደንብ በ1992 ታትሞ ወጥቷል፤ ዳሩ ግን ደንብ መታተሙና በየቢሮው ያለው ማሽን ደንቡን ማወቁ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ወደ ቤታችን እንምጣ። ለዚህ ለምሥረታው በዓል መጽሔት የሚያስፈልጉት የቀድሞ ተመራቂዎች መዝገብና ፎቶግራፎች ስካን ተደርገው የተቀመጡት በቤተ መጻሕፍቱ ባለው አሮጌ ሰርቨር ውስጥ ነው። ጠቅላላው 40 ጊጋባይት ያህል ነው። ከወረቀቶቹ ብዙዎቹ ዝናብ የነካቸው ስለ ነበሩ ዛሬ የሉም፤ ያለው በዚያ ዲስክ ላይ ያለው ብቻ ነው፤ ዲስኩም ሲሠራ መንኳኳት ጀምሮ ነበር። የኮምፒዩተር ክበባችን ሰነዶቹን ወደ አዲሱ ኮምፒዩተር እንዲገለብጥ ታዘዘ። አዲስ ስዊች ተገዝቶ ነበርና ሁላችን ሥራው በአንድ ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ መስሎን ነበር። ፋይሉ ግን በሴኮንድ 300 ኪሎባይት ያህል እየተንፏቀቀ፥ አንዳንድ ጊዜም ጨርሶ እየቆመ ሄደ። በዚህ አካሄድ 40 ጊጋባይት ከ37 ሰዓት በላይ ይፈጃል። መብራት በሚመጣና በሚሄድበት ከተማ፥ የሚንኳኳ ዲስክ ይዞ፥ 37 ሰዓት መጠበቅ መዝገቡን በገደል አፋፍ ላይ እንደ ማስቀመጥ ነው። አዲስ ሰርቨር ካልተገዛ ሥራው አይሠራም ያሉም ነበሩ።

አስተማሪያችን ግን ከመግዛት በፊት መለካት ይቅደም አሉን። መጀመሪያ ትናንሽ መልእክት ወደ ሰርቨሩ ልከን መልሱን ቆጠርን፤ አንድም ሳይጠፋ ከአንድ ሺኛ ሴኮንድ ባነሰ ጊዜ ተመለሰ። ቀጥሎ በሰርቨሩ ውስጥ ከአንዱ ማኅደር ወደ ሌላው ጥቂት ፋይል ገለበጥን፤ በሴኮንድ 30 ሜጋባይት ሄደ፥ ስለዚህ ዲስኩ ቢያረጅም የዘገየው እርሱ አይደለም። ኬብሉንም በሌላ ኬብል ለወጥን፤ ለውጥ የለም። ቀጥሎ ስዊቹ ራሱ የሚመዘግበውን የስሕተት ቁጥር ተመለከትን። በሰርቨሩ በኩል ያለው የግጭት ቁጥር ፋይል በተገለበጠ ቍጥር ይጨምር ነበር። ነገሩ የተገለጠው እዚያ ላይ ነው።

ይህን ለማስረዳት ወደ ኤተርኔት ታሪክ መመለስ ግድ ነው። ኤተርኔት በ1973 በአሜሪካ በዜሮክስ ኩባንያ የምርምር ቤት ሲፈጠር ማሽኖቹ ሁሉ አንድ ገመድ ይጋሩ ነበር። እንደ ሽማግሌዎች ሸንጎ አንዱ ሲናገር ሌላው ዝም ብሎ መስማት አለበት፤ ሁለቱ አብረው ቢናገሩ ግጭት ይሆናል፥ ሁለቱም ዝም ብለው ጥቂት ቆይተው ይደግሙታል። ይህ ሐፍ ዱፕሌክስ ይባላል። በኋላ ለመናገሪያና ለመስሚያ የተለያየ ሽቦ ሲሰጥ አንድ ማሽን በአንድ ጊዜ መናገርም መስማትም ቻለ፤ ይህ ደግሞ ፉል ዱፕሌክስ ነው። በ1995 የ100 ሜጋቢቱ ደንብ ሲወጣ ማሽኖቹ እንደ ሞደሞቹ እርስ በርሳቸው እንዲደራደሩ ተደረገ። ሆኖም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የልዩ ልዩ ፋብሪካ ዕቃዎች ድርድሩ ላይ እየተሳሳቱ ስላስቸገሩ፥ ብዙ ባለሙያዎች ድርድሩን ዘግተው «100፥ ፉል ዱፕሌክስ» ብለው በእጅ ይወስኑ ነበር። በዚያን ጊዜ ብልህነት ነበር።

የእኛም ሰርቨር ከብዙ ዓመት በፊት እንዲህ በእጅ ተወስኖለት ነበር። አዲሱ ስዊች «እንደራደር» ሲለው መልስ አይሰጥም። ስዊቹ ከምልክቱ ፍጥነቱ 100 መሆኑን ይለያል፤ የአነጋገሩን ዓይነት ግን ሊለይ አይችልም። በደንቡ መሠረት እንዲህ ያለ ጊዜ ሐፍ ዱፕሌክስን ይይዛል። ስለዚህ ስዊቹ ሰርቨሩ ሲናገር ዝም ይላል፥ ሰርቨሩ ግን ስዊቹ ሲናገር ዝም አይልም። ስዊቹ ግጭት ሆነ ብሎ ንግግሩን ያቋርጣል፤ ሰርቨሩ የተቆራረጠውን ይጥላል፤ የጠፋው እንዲደገም ላኪው ይጠብቃል። ትንንሾቹ መልእክቶች ያለ ችግር ያለፉት አንዱ ጠይቆ ከጨረሰ በኋላ ሌላው ስለሚመልስ ነው፤ ትልቅ ፋይል ሲመጣ ግን ሁለቱም ወገን ባንድ ጊዜ ይናገራል። መስመሩ ደኅና መስሎ እየታየ ሥራው የማይሄደው በዚህ ነው፤ ብዙ ሰው ያልተበላሸ ዕቃ የሚጥለውም በዚሁ ምክንያት ይመስለናል።

በሰርቨሩ ላይ ድርድሩ እንዲከፈት ተደረገ። ፍጥነቱ ወዲያው በሴኮንድ ወደ 11 ሜጋባይት ወጣ፤ 37 ሰዓቱ አንድ ሰዓት ያህል ሆነ። አንድ ሳንቲም አልወጣም። በነገራችን ላይ በዚያው ቀን ሌላ ነገር ተገኘ፤ ከአዲሶቹ ኮምፒዩተሮች አንዱ 1,000 ሜጋቢት መሄድ ሲገባው በ100 ይሄድ ነበር። ለ100 አራት ሽቦ ይበቃል፥ ለ1,000 ግን ስምንቱም ያስፈልጋሉ፤ የእርሱ ኬብል ከስምንቱ አንዱ ተቆርጦ ነበር።

አንድ ችግር ብቻ ቀረ። ከአዲሶቹ ላፕቶፖች አንዳንዶቹ ሰርቨሩን ጨርሶ አያዩትም። ምክንያቱ ሰርቨሩ ፋይል የሚያቀብልበት ቋንቋ የመጀመሪያው ኤስ ኤም ቢ መሆኑ ነው። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም በዚሁ ቋንቋ ቀዳዳ ገብቶ በብዙ አገሮች ሆስፒታሎችንና መሥሪያ ቤቶችን ከአወከ ወዲህ፥ አዳዲስ ኮምፒዩተሮች ይህን ቋንቋ ዘግተው ይመጣሉ። ክፈቱት ያሉ ነበሩ፤ አልተከፈተም፥ ባይከፈትም ደግ ነው። በምትኩ ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ መካከለኛ ዕድሜ ያለው ኮምፒዩተር ከኢንተርኔት ተነቅሎ በመካከል ተቀመጠ፤ ከሰርቨሩ ተቀበለ፥ ለአዲሱ አቀበለ፥ ልክ እንደ ስልከኛው። ፋይሎቹ በሁለቱም ወገን ተቆጠሩ፥ ቁጥሩም እኩል ሆነ። በዚህ መጽሔት መካከል የሚታዩት የቀድሞ ተማሪዎች ፎቶግራፎች በዚያ መንገድ የመጡ ናቸው።