ጎሬ ላይ መንግሥት፣ ሮም ላይ ምርኮ

ከበደሌ ተነሥቶ የያዮን የቡና ደን የሚያቋርጠው መንገድ መቱ ይደርሳል፤ ከመቱ ወደ ደቡብ ሲታጠፉ ጎሬ ትገኛለች። የራስ ተሰማ ናደው መቀመጫ የነበረችው ጎሬ፣ በጋምቤላና በባሮ ወንዝ በኩል ወደ ሱዳን በሚሄደው ቡና የታወቀች የንግድ ከተማ ነበረች። በ1928 ዓ.ም. ግን የአገር አደራ ወደቀባት። በጣሊያን ወረራ ምክንያት ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 24 ቀን ከአዲስ አበባ ሲወጡ የመንግሥቱ መቀመጫ ወደ ጎሬ ተዛወረ። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ መንግሥቱን ይዘው ቆዩ፤ ራስ እምሩም ከሰሜን ጦር ግንባር ተነሥተው ወደዚያው መጡ።

የጣሊያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገባ። ከአራት ቀን በኋላ ሙሶሎኒ ኢትዮጵያ የጣሊያን ግዛት ሆነች ብሎ አወጀ። ጎሬ ባለችበት ኢሉባቦር ውስጥ ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ገና ሥራ ላይ ነበር። አዋጁ ሐሰት መሆኑን ጎሬ በመኖሯ ብቻ ትመሰክር ነበር። ጎሬ በጠላት እጅ የገባችው ኅዳር 1929 ዓ.ም. ሲሆን፣ ራስ እምሩ የተማረኩት በቀጣዩ ወር ጎጀብ ወንዝ አጠገብ ነው።

ጣሊያን የፈጸመችውን የቅርስ ዘረፋ ከዚህ ታሪክ ነጥሎ ማየት አይቻልም። ፋሺስቶች የጫኑት ወርቅና ብር ብቻ አልነበረም፤ አገር መሆናችንን የሚናገረውን ሁሉ ነበር። በባቡር ጣቢያው ፊት የቆመው የይሁዳ አንበሳ ሐውልት፣ የፓርላማው ሥዕሎች፣ የመንግሥት መዛግብት ሳይቀሩ ተወሰዱ። በ1927 እና 1928 ዓ.ም. በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበርና በኢትዮጵያውያን እጅ አዲስ አበባ ውስጥ የተሠራችው «ፀሐይ» አውሮፕላንም አልቀረችም። ወድቆ ተሰባብሮ የነበረው፣ 24 ሜትር ርዝመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለው የአክሱም ሐውልት በምፅዋ ወደብ ተጭኖ ሮም ውስጥ፣ የቅኝ ግዛቶች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ተተከለ። መልእክቱ ግልጽ ነበር፤ «ይህ መንግሥት አብቅቷል፣ ምልክቱም በእኛ እጅ ነው»። ኤርትራዊው ዘርአይ ደረስ ተማርኮ ሮም የተወሰደውን የይሁዳ አንበሳ ባየ ጊዜ ጎራዴውን የመዘዘው ይህ መልእክት ስለገባው ነው።

ዘረፋው የመጀመሪያው አልነበረም። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ የወሰደውን ንብረት ለመሸከም 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ አስፈልጎታል። የጣሊያኑ ግን በሕግ ተዳኝቷል። የካቲት 3 ቀን 1939 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ የተፈረመው የሰላም ውል፣ በአንቀጽ 37፣ ጣሊያን ከመስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ጀምሮ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን የጥበብ ሥራ፣ ንዋየ ቅድሳት፣ መዛግብትና ታሪካዊ ዕቃ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ አስገደደ።

18 ወሩ አለፈ። አንበሳው ከተወሰደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቶ ተመለሰ። የአክሱም ሐውልት በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. በሦስት ክፍል በአውሮፕላን አክሱም ደረሰ፤ ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ቆሞ ተመረቀ። በብራቺያኖ ሐይቅ አጠገብ ባለው የጣሊያን አየር ኃይል ሙዚየም የቆየችው «ፀሐይ» ለኢትዮጵያ የተሰጠችው ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው። እነዚህን ርክክቦች የወዳጅነት ስጦታ አድርጎ ማቅረብ ታሪክን ማዛባት ነው። የተመለሰው ዕዳ ነው፤ እሱም እጅግ ዘግይቶ።

ከዚህ ለእኛ የሚተርፍ ትምህርት አለ። የአክሱም ሐውልት ግዙፍ ነውና ሮም መሀል ቆሞ ሳለ «አልወሰድንም» ማለት አይቻልም ነበር። በኮሮጆ የሚገባ ብራና፣ በጋቢ የሚጠቀለል ሥዕል ግን ያን ዕድል የለውም፤ ፎቶግራፉ፣ ልኩና የነበረበት ቦታ ካልተመዘገበ የእኔ ነው ብሎ የሚጠይቀው አይገኝም። የመቱ፣ የጎሬና የያዮ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች፣ በየቤቱ ያሉ የአርበኞች ልጆችም በእጃቸው ያለውን ከኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣንና ከየወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ጋር ሆነው ዛሬውኑ ሊያስመዘግቡ ይገባል። በውጭ ያለውን ለመጠየቅ አፋችን የሚሞላው በቤታችን ያለውን ቆጥረን ስናውቅ ነው።