ጉርሻ በቡፌ ገበታ፦ የአስተናጋጅ ድካምና ዋጋው በታሪክ

ጉርሻ በኢትዮጵያ ገበታ ከእጅ ወደ አፍ የሚያልፍ የፍቅር ምልክት ነው። እንጀራው ወጥ ነክሮ፣ በአጉራሹ ጣቶች ተጠቅልሎ ወደ ጎራሹ አፍ ይደርሳል። አጉራሹ ዋጋ አይጠይቅም፤ ጎራሹም አይከፍልም። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» እየተባለም ሁለተኛው ይከተላል። ከተሞች ተስፋፍተው ሆቴልና ቡና ቤት ከበዛ ወዲህ ግን ይኸው ቃል ሌላ ትርጉም ደርቧል። ተመጋቢው ሒሳቡን ከፍሎ ሲነሣ ለአስተናጋጁ የሚተወው ገንዘብም ጉርሻ ተባለ። በዚህ አጠራር ነገሩ ተገልብጧል፤ ምግቡን ያቀረበው ሰው ራሱ ጎራሽ ሆኗል።

ቡፌ የሚለውም ቃል እንዲሁ ረጅም መንገድ የተጓዘ ነው። በፈረንሳይኛ ሰሐንና ብርጭቆ የሚቀመጥበት የቤት ዕቃ ስም ሲሆን፣ በአማርኛም በሳሎን ውስጥ የሚቆመው ባለመስተዋት የዕቃ መደርደሪያ ቡፌ ይባላል። በአዲስ አበባ ለገሃር አጠገብ የነበረው ቡፌ ደ ላ ጋር ደግሞ ቃሉ ከባቡር ጣቢያ ምግብ ቤት ጋር የነበረውን ዝምድና ያስታውሳል። በመጨረሻም ምግቡ በረድፍ ተደርድሮ እንግዳው ራሱ እያነሣ የሚበላበት ግብዣ በዚሁ ስም ታወቀ።

ሁለቱ ቃላት በአንድ ገበታ ላይ ሲገናኙ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ይነሣል። እንግዳው ራሱ ተነሥቶ፣ ራሱ ሰሐን ይዞ፣ ራሱ ከቀዳ ጉርሻው ለማን ነው? ጥያቄው የገበታ ወግ ጥያቄ ይምሰል እንጂ ሥሩ የሠራተኛ ደመወዝ ነው። ስለዚህም መልሱ የሚገኘው በታሪክ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመጠጫ ገንዘብ

ለአስተናጋጅ የሚሰጥ ገንዘብ በብዙ ቋንቋዎች ስሙን ያገኘው ከሚጠጣ ነገር ነው። ፈረንሳዮች «ለመጠጫ»፣ ጀርመኖች «የመጠጥ ገንዘብ»፣ ሩሲያውያን ደግሞ «ለሻይ» ይሉታል። ስሙ ሁሉ የሚያመለክተው አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡ የጉሮሮ ማርጠቢያ እንጂ የቤት ማስተዳደሪያ ሆኖ አልታሰበም ነበር።

ይሁንና ትንሹ ስጦታ ወደ ግዴታ ሲለወጥ በእንግሊዝ አገር በ18ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በግልጽ ታይቷል። በመኳንንት ቤት ተጋብዞ የበላ እንግዳ ሲሰናበት አሽከሮቹ እስከ በሩ ድረስ ተሰልፈው ይጠብቁታል። «ቬይልስ» ይባል የነበረውን ገንዘብ ለእያንዳንዳቸው ሳያድል መውጣት ነውር ነበር። ኪሱ የሳሳ ሰው የወዳጁን ግብዣ እስከ መሸሽ ደረሰ። ጌቶችም በበኩላቸው አሽከሩ ከእንግዳ የሚያገኘውን አስልተው ደመወዙን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ጆናስ ሃንዌይ የተባለው ጸሐፊ በ1760 ልማዱን የሚነቅፉ ደብዳቤዎች አሳተመ። ጌቶች ተስማምተው ቬይልስን ለማስቀረት ሲነሡ ግን በ1764 በለንደን ራኔላህ በተባለው የመዝናኛ ሥፍራ አሽከሮች ሁከት አስነሡ። ሁከታቸውን ከስግብግብነት ብቻ መቁጠር ያዳግታል። እንግዳው የሚሰጠው ገንዘብ የኑሯቸው ክፍል ከሆነ በኋላ መቅረቱ ከደመወዝ መቀነስ አይለይም ነበር።

በባቡር ላይ

ልማዱ አትላንቲክን ተሻግሮ በዩናይትድ ስቴትስ ሥር የሰደደው ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ነው። በ1865 ባርነት በሕግ ሲሻር በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ነፃ ወጡ፤ ነገር ግን መሬትም ሆነ ገንዘብ አልነበራቸውም። በ1867 የተቋቋመው የጆርጅ ፑልማን ኩባንያ በመኝታ ባቡሮቹ ላይ ለአስተናጋጅነት የቀጠረው እነዚህኑ ሰዎች ነበር። አስተናጋጁ አልጋ ያነጥፋል፣ ሻንጣ ይሸከማል፣ መንገደኛው ሲተኛ ጫማውን ይወለውላል፤ የጫማውንም ቀለም የሚገዛው ከራሱ ኪስ ነበር። መንገደኞች ስሙን አይጠይቁትም። ባሪያ በጌታው ስም ይጠራ እንደነበረው ሁሉ አስተናጋጁም በኩባንያው ባለቤት ስም «ጆርጅ» እየተባለ ይጠራ ነበር።

በ1915 የኢንዱስትሪ ጉዳዮችን የሚመረምር የመንግሥት ኮሚሽን የኩባንያውን ኃላፊዎች ጠርቶ ሲጠይቅ የአስተናጋጁ መነሻ ደመወዝ በወር 27 ዶላር ከ50 ሣንቲም መሆኑ ተገለጸ። የቀረው ከመንገደኛው መዳፍ የሚጠበቅ ነበር። ስለዚህ አስተናጋጁ ለደመወዙ ሲል መሣቅ ነበረበት፤ ቢሰደብም መሣቅ ነበረበት።

ከዚህ አዙሪት የወጡት በመደራጀት ነው። በ1925 በኤ. ፊሊፕ ራንዶልፍ መሪነት የመኝታ ባቡር አስተናጋጆች ማኅበር ተመሠረተ። ከ12 ዓመት ትግል በኋላም በ1937 ከኩባንያው ጋር የሥራ ውል ተፈራረመ። በውሉ መሠረት ደመወዙ ከፍ አለ፤ በወር እስከ 400 ሰዓት ይደርስ የነበረው ሥራም ወደ 240 ሰዓት ወረደ። ማኅበሩ የጠየቀው የበዛ ጉርሻ ሳይሆን የሚያኖር ደመወዝ ነበር።

ሕግና ሣንቲም

ጉርሻን የሚጠሉ ሰዎችም በዚያው ዘመን ድምፃቸውን አሰምተው ነበር። ዊሊያም ስኮት በ1916 «የሚያሳክክ መዳፍ» የሚል መጽሐፍ አሳትሞ ልማዱ ለእኩልነት ከቆመ አገር ጋር የማይስማማ መሆኑን ተከራከረ። ከዚያም ቀደም ብሎ የዋሽንግተን ግዛት በ1909 ጉርሻን በሕግ ከልክሎ ነበር። ሚሲሲፒ፣ አርካንሶ፣ አዮዋ፣ ደቡብ ካሮላይናና ቴነሲም ተከትለውታል። ይሁን እንጂ እስከ 1926 ድረስ እነዚህ ሕጎች በሙሉ ቀርተዋል። ሕጎቹ የሰጪውን እጅ ሲይዙ የአሠሪውን የደመወዝ መዝገብ አልነኩም ነበር።

በ1938 የወጣው የፌዴራል ሕግ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓት 25 ሣንቲም ዝቅተኛ ደመወዝ ሲደነግግ አብዛኛው የሆቴልና የምግብ ቤት ሠራተኛ ከጥላው ውጭ ቀረ። በ1966 ሕጉ ሲሻሻል እነዚህ ሠራተኞች እንዲገቡ ተደረገ፤ ነገር ግን አሠሪው ሠራተኛው ከእንግዳ የሚቀበለውን ገንዘብ እስከ ዝቅተኛው ደመወዝ ግማሽ ድረስ የደመወዙ አካል አድርጎ እንዲቆጥር ተፈቀደለት። በ1991 ዝቅተኛው ደመወዝ 4 ዶላር ከ25 ሣንቲም ሲሆን የአስተናጋጁ ድርሻ 2 ዶላር ከ13 ሣንቲም ሆነ። በ1996 ሁለቱ ተለያዩ። ዝቅተኛው ደመወዝ እየጨመረ በ2009 በሰዓት 7 ዶላር ከ25 ሣንቲም ሲደርስ፣ የአስተናጋጁ 2 ዶላር ከ13 ሣንቲም ባለበት ቆመ። ጉርሻው ልዩነቱን ካልሞላ አሠሪው እንዲሞላ ሕጉ ያዛል። ካሊፎርኒያና ኔቫዳን የመሳሰሉ ሰባት ግዛቶች ግን ይህን ስሌት አይቀበሉም፤ አስተናጋጁ ጉርሻ አገኘም አላገኘም ሙሉ ዝቅተኛ ደመወዙን ይከፈለዋል።

እንግዳው ራሱ ሲያነሣ

አስተናጋጅ የሌለበት ምግብ ቤት የማቋቋም ሐሳብ የመነጨው ከዚሁ ዘመን ነው። በ1902 ሆርንና ሃርዳርት የተባሉ ሁለት ነጋዴዎች በፊላዴልፊያ «አውቶማት» የተባለውን ምግብ ቤት ከፈቱ። ተመጋቢው ሣንቲም ይከታል፤ ትንሹን የመስተዋት በር ይከፍታል፤ ምግቡን አውጥቶ ይበላል። ጉርሻ የሚቀበል ሰው በዓይን አይታይም። በ1912 ወደ ኒውዮርክ የተስፋፋው ይህ አሠራር የመጨረሻው ቤት በ1991 እስኪዘጋ ድረስ ቆይቷል። ከግድግዳው በስተጀርባ ግን ባዶውን ሣጥን ወዲያው ወዲያው የሚሞሉ ሠራተኞች ነበሩ። መስተዋቱ ሠራተኛውን ጋረደው እንጂ አላስቀረውም።

የዛሬው ቡፌ ከስዊድን የምግብ ጠረጴዛ ብዙ ወርሷል። ስዊድናውያን ከእራት በፊት መጠጥና ቁርጥራጭ ምግብ በልዩ ጠረጴዛ ላይ የመደርደር ልማድ ነበራቸው፤ ይህም እያደገ «ስሞርጎስቦርድ» የተባለው ሙሉ ገበታ ሆነ። በ1939 በኒውዮርክ በተደረገው የዓለም ትርኢት በስዊድን ድንኳን «ሦስቱ ዘውዶች» የተባለው ምግብ ቤት በሚሽከረከር ጠረጴዛ ላይ ሲያቀርበው አሜሪካውያን በሰፊው አወቁት። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በላስ ቬጋስ ኤል ራንቾ ቬጋስ የተባለው ሆቴል ቁማርተኛው ምግብ ፍለጋ ወጥቶ እንዳይሄድ ሌሊቱን በአንድ ዶላር የሚበላበት ቡፌ ዘረጋ። ሌሎቹም ሆቴሎች አርአያውን ተከተሉ።

በ1958 ደግሞ በቶኪዮ የሚገኘው ኢምፔሪያል ሆቴል ከስካንዲኔቪያ የተማረውን ይህን አመጋገብ ለጃፓናውያን አስተዋወቀ። በዚያ አገር ቡፌ እስከ ዛሬ «ባይኪንግ» እየተባለ ይጠራል። ጃፓን ለአስተናጋጅ ገንዘብ መስጠት ልማድ ያልሆነባት አገር ስለሆነች የጉርሻው ጥያቄ በቡፌው ላይ አልተነሣም። አንድ ዓይነት ገበታ በሁለት አገሮች ተዘርግቶ በአንደኛው ተመጋቢውን ሲያስጨንቅ በሌላው አለማስጨነቁ የጥያቄው ምንጭ ገበታው አለመሆኑን ያሳያል።

ቡፌ ድካምን አይቀንስም፤ ቦታውን ይለውጣል እንጂ። ምግብ አብሳዩ ገና ሳይነጋ እሳት ይለኩሳል። የተጎደለው ትሪ ይሞላል፤ ከሥሩ ያለው ሙቅ ውኃ እንዳይቀዘቅዝ ይጠበቃል። ተመጋቢው በተነሣ ቁጥር አዲስ ሰሐን ስለሚይዝ አንድ ሰው ሦስትና አራት ሰሐን ያቆሽሻል፤ ሁሉንም የሚያነሣ እጅና የሚያጥብ እጅ ያስፈልጋል። መጠጥ የሚያመጣውም ቢሆን ቁጭ ብሎ አይውልም።

የወጉ መልስ

የአሜሪካ የመልካም ጠባይ መምህራን ለዚህ ሁኔታ የመካከል መንገድ አበጅተዋል። በ1922 ስለ ማኅበራዊ ወግ በጻፈችው መጽሐፍ በታወቀችው በኤሚሊ ፖስት ስም የሚጠራው ተቋም፣ ሙሉ መስተንግዶ ላለበት ገበታ ከ15 እስከ 20 በመቶ፣ ለቡፌ ግን 10 በመቶ ያህል መስጠት ተገቢ ነው ይላል። ስሌቱ ግብር ከመታከሉ በፊት ባለው ሒሳብ ላይ ነው። ተመጋቢው ትሪውን ራሱ ተሸክሞ ራሱ በሚመልስበት ካፌቴሪያ ግን ግዴታ የለም። ሒሳብ በመግቢያው ላይ በሚከፈልበት ቡፌ ጥሬ ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ መተው ሰሐኑን ለሚያነሣው ሰው እንዲደርስ ይረዳል። የአገልግሎት ክፍያ በሒሳቡ ላይ ታክሎ እንደሆነ አስቀድሞ ማየትም ሁለት ጊዜ ከመክፈል ያድናል።

በቡፌ ላይ ትልቁ ድካም የወጥ ቤቱ ሆኖ ሳለ ገንዘቡ ጠረጴዛ ከሚያጸዳው ሰው እጅ ሳያልፍ ይቀራል። በ2018 የወጣው የአሜሪካ ሕግ አሠሪዎችና የሥራ መሪዎች ከሠራተኛው ጉርሻ እንዳይወስዱ ከለከለ። አሠሪው ሙሉውን ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፍል ከሆነም ጉርሻው ለምግብ አብሳይና ለሰሐን አጣቢ ጭምር እንዲከፋፈል በር ከፈተ። በብሪታንያም በ2023 የወጣውና ከጥቅምት 2024 ጀምሮ የሚሠራበት ሕግ ጉርሻው በሙሉ በአግባቡ ለሠራተኞች እንዲከፋፈል ያስገድዳል። ፈረንሳይ በበኩልዋ ከ1987 ጀምሮ የአገልግሎቱ ዋጋ በምግቡ ዋጋ ውስጥ ተጠቃሎ እንዲገለጽ አድርጋለች። በዚያ አገር በጠረጴዛው ላይ የሚቀረው ሣንቲም ወደ ጥንተ ስሙ ተመልሶ በእርግጥ «ለመጠጫ» ሆኗል።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ በኋላ የአማርኛው ቃል ለጥያቄው የራሱ መልስ እንዳለው ይታያል። በኢትዮጵያ ገበታ አጉራሹና ጎራሹ በአንድ መሶብ ዙሪያ የተቀመጡ ናቸው። የጎራሹ ድርሻ አስቀድሞ በፊቱ አለ፤ ጉርሻው በድርሻው ላይ የሚጨመር ክብር ነው። በቀድሞው የግብር ሥርዓት እንኳ፣ ምግቡን ሲያመላልስ የዋለው አሳላፊ ተራው ሲደርስ ይበላ ነበር። ድርሻ የሌለውን ሰው በጉርሻ ብቻ እያኖሩ ጉርሻ ነው ማለት ግን ቃሉን ከትርጉሙ መለየት ነው። የፑልማን አስተናጋጆች 12 ዓመት የታገሉት ለዚህ ልዩነት ነበር።

እንግዲህ በቡፌ ገበታ የተቀመጠ ሰው ሰሐኑን ራሱ ቢሞላም ብቻውን አልተስተናገደም። ደመወዝ በጉርሻ በሚተካበት አገር 10 በመቶውን ሳይተው ቢነሣ የጎደለው የሌላ ሰው እራት ነው። ደመወዝ በሚገባ በሚከፈልበት አገር ደግሞ ጥቂቱም ቢሆን በፈቃድ የተሰጠ ስለሆነ ስሙን አያሳፍርም። አጉራሽ የሚመሰገነው ጎራሹ የራሱ ድርሻ ሲኖረው ነው።